ጎማ ማስነፋት ለምን ተወደደ? ከሥራውስ ምን ያህሉ በቤት ይሠራል?

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ጎሚስታ ደጃፍ ከሚሰሙ ቅሬታዎች አንዱ «ነፋስ እኮ ነው፤ ለነፋስ ይህን ያህል?» የሚል ነው። ጎሚስታውም መልስ አያጣም፤ መብራቱን፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅ፣ የቤት ኪራዩንና የኮምፕረሰሩን መለዋወጫ ይቆጥራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ክርክሩ ግን የአንድ ጊዜ ክፍያ ላይ ስለሚቆም ትልቁ ወጪ ሳይነሳ ይቀራል። ክፍያው የከበደው ባለመኪና ነገ ዛሬ እያለ በተነፈሰ ጎማ ሳምንታት ይነዳል፤ በነፋስ ያተረፋትን ብርም በነዳጅና በጎማ ይመልሳታል። ስለዚህ ማየት ያለብን የጎሚስታ ዋጋ ምን እንደሚያካትት፣ ጎማ በወሎ ደጋና ቆላ ላይ ምን እንደሚሆን፣ ከሥራው የትኛው በቤት እንደሚሠራና የትኛው ፈጽሞ እንደማይነካ ነው።

የሚከፈለው ለነፋሱ አይደለም

የጎማ ግፊት በአብዛኛው የሚለካው በፒኤስአይ ነው፤ በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ ግፊት በፓውንድ ሲቆጠር ማለት ነው። አንዳንድ መለኪያ «ባር» ይላል፤ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ከጃፓን የመጡ መኪኖች በር ምሰሶ ላይ ደግሞ 220 ወይም 2.2 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ ሁለቱም 32 ፒኤስአይ ገደማ ናቸው።

የአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ጎማ ውስጡ 25 ሊትር ያህል ይይዛል። ከ25 ወደ 33 ፒኤስአይ ለማድረስ ከደሴ አየር 18 ሊትር ገደማ ማስገባት ይበቃል። 120 ዋት የሚበላ ትንሽ የመኪና ኮምፕረሰር ይህን በ2 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል፤ የሚፈጀው 4 ዋት ሰዓት ነው። በአንድ ኪሎዋት ሰዓት እንዲህ ያለ 250 ጎማ መንፋት ይቻላል። ጉልበቱ ብቻ ቢቆጠር ዋጋው ከሳንቲም አይዘልም።

ጎሚስታው የሚያስከፍለው እንግዲህ ለማሽኑ፣ ለቦታውና ለጊዜው ነው። የእሱ ኮምፕረሰር ታንከሩን እስከ 8 ወይም 10 ባር ሞልቶ ይቆያል፤ ቺንጊያው ይበላል፣ የፒስተኑ ቀለበት ያልቃል፣ ጎማ የሚነፋበት ቱቦና አፉ በየጊዜው ይቀየራል። እነዚህ ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ ከዶላር ጋር ይጓዛል። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. አንሥቶ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተደርጓል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር ይነሣል፤ ነዳጁም ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው እየተቀነሰለት የመጣ ነው። አንድ ጎሚስታ አራት ጎማ ለመለካትና ለመሙላት ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያጠፋል፤ በዚያው ጊዜ ውስጥ አንድ ልጥፍ መጀመር ይችል ነበር። ዋጋው ከፍ ማለቱ ምክንያት አለው ማለት ግን ባለመኪናው ሌላ አማራጭ መፈለግ የለበትም ማለት አይደለም።

ያልተነፋ ጎማ ምን ያስከፍላል?

ምንም ያልተበሳ ጎማ እንኳ በወር ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ራሱን ይቀንሳል፤ ነፋሱ በላስቲኩ ውስጥ ቀስ በቀስ ያልፋል። ለአራት ወር ያልተለካ ጎማ 8 ፒኤስአይ ቢጎድለው አይገርምም። አሁን ያሉት ጎማዎች ጎናቸው ሁልጊዜም ትንሽ ስለሚያብጥ 24 ላይ ያለውንና 32 ላይ ያለውን በዓይን መለየት አይቻልም። በእግር መምታትም አይነግርም።

በሁሉም ጎማዎች ላይ የ1 ፒኤስአይ ጉድለት ነዳጅን በ0.2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 8 ሲጎድል 1.6 በመቶ ይሆናል፤ በወር 60 ሊትር ለሚቀዳ መኪና 1 ሊትር ያህል ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው የጎማው ጉዳት ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ መሃሉ ሳይነካ ሁለቱ ዳሮቹ ይበላሉ፤ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይሞቃል፤ ሙቀቱ በላስቲኩና በውስጡ ባለው ክር መካከል ያለውን ማጣበቂያ ያላላል። በረጅም መንገድ ላይ «ሳይታሰብ» ፈነዳ የሚባለው ጎማ ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ የሞተ ነው።

ከሐረጎ እስከ ሚሌ፤ ከፍታና ሙቀት በጎማ ላይ

በወሎ ሾፌሮች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ ሰው «ቆላው ጎማ ያፈነዳል» ብሎ ነፋስ ይቀንሳል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ መፍትሔው ግን የተሳሳተ ነው። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይሻላል።

ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የጎማ ግፊት በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ይህን ሁሉም ሾፌር በልምድ ያውቀዋል። የሚረሳው ሌላው ወገን ነው። ጎማውን ከውጭ የሚጫነው አየርም ወደ ቆላ ሲወረድ ይከብዳል፤ መለኪያ የሚያሳየው ደግሞ በውስጡና በውጩ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የውጭ አየር ግፊት 10.8 ፒኤስአይ ያህል ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ 11.7፤ ሚሌ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ደግሞ 13.9።

ደሴ ላይ በ12 ዲግሪ ጠዋት 33 ተደርጎ የተነፋ ጎማ ሚሌ ደርሶ ጥላ ሥር አርፎ 35 ዲግሪ ላይ ቢለካ ስንት ያሳያል? ሙቀቱ የውስጡን ግፊት በ3.5 ያህል ያነሣዋል፤ የከበደው የውጭ አየር ደግሞ 3.1 ይቀንስበታል። መለኪያው 33 ተኩል እንኳ አይሞላም። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለሚገባ መኪናም ነገሩ ያው ነው፤ የ5 ዲግሪው ሙቀትና የ650 ሜትሩ ቁልቁለት ይጣፋሉ። ደሴ ላይ በትክክል የተነፋ ጎማ ቆላ ስለወረደ ብቻ ከልክ በላይ አይወጠርም ማለት ነው።

በጉዞ መካከል የሚታየው የ4 ወይም የ6 ፒኤስአይ ጭማሪ ከመንከባለል የመጣ ነው፤ የመኪናው መመሪያ ሲጻፍ ይህ አስቀድሞ ታስቦበታል። ያን ጊዜ ነፋስ የሚቀንስ ሰው ጎማው ሲበርድ ከልኩ በታች ያደርገዋል፤ ያነሰው ጎማ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥ ይሞቃል። ፍንዳታውን ሲሸሽ ይጠራዋል።

የደሴ ብርድ ሌላ ስህተትም ያመጣል። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ሲወርጭና ቀኑ ፀሐይ ሲሆን በንጋትና በቀትር መካከል 15 ዲግሪ ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ ከ2.5 እስከ 3 ፒኤስአይ ማለት ነው። ቀትር ላይ ከመንገድ መጥቶ በሞቀ ጎማ 32 ያስሞላ ሰው በማግስቱ ንጋት ቢለካ 26 ሊያገኝ ይችላል። ጎሚስታው አልሰረቀውም፤ የተለካው በሞቀ ሰዓት ስለሆነ ነው። ትክክለኛው መለኪያ መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ ፀሐይ ሳያገኘው የሚወሰደው ነው። ጎሚስታ ጋ እስኪደረስ ደግሞ ጎማው ሞቋል። የቤት ፓምፕ ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ ግምት፣ ከገንዘቡም በላይ ይኸው ነው፤ ጎማው ባደረበት ቦታ፣ በቀዝቃዛው ይለካል።

የእጅና የእግር ፓምፕ

የመኪና ጎማ ቫልቭ ከብዙ ብስክሌቶች ጎማ ቫልቭ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ቆሞ የሚነፋው የብስክሌት ፓምፕ አፉ ከገጠመ ለመኪናም ይሆናል። (ቀጭኑ የውድድር ብስክሌት ቫልቭ ሌላ ነው፤ አፉ አይገጥምም።) ውስጡ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው ፓምፕ በአንድ ግፊት ግማሽ ሊትር የማይሞላ አየር ይገፋል። ደሴ ላይ የጎደለውን 4 ፒኤስአይ ለመመለስ ለአንድ ጎማ ከ20 እስከ 25 ግፊት፣ 8 ከጎደለ 50 ገደማ፣ ጨርሶ ከተነፈሰ ግን ወደ 200 ይጠጋል። በየወሩ የሚነፋ ሰው አራቱንም በሩብ ሰዓት ይጨርሳል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ግን ሁለተኛው ጎማ ላይ ይደክመዋል።

አየሩ ስስ በመሆኑ ሥራው ደሴ ላይ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ ሦስተኛ ይበዛል። ፓምፑ ላይ «በ3 ደቂቃ ይሞላል» ተብሎ ከተጻፈ ደሴ ላይ 4 ብሎ ማሰብ ነው።

የእግር ፓምፕ ሲገዛ መታየት ያለበት ሲሊንደሩ ነው፤ ሁለት ሲሊንደር ያለው ቶሎ ይሞላል። በርካሾቹ ላይ ቀድሞ የሚበላሸው የፒስተኑ ጎማ ቀለበት ነው፤ ሲደርቅ አየር ወደ ኋላ ያመልጣል፣ ፓምፑ «ይላላል»። አንድ ሁለት ጠብታ የሲሊኮን ዘይት ያድነዋል፤ የሞተር ዘይት ግን ቀለበቱን ያሳብጠዋል።

ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ኮምፕረሰር

በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ የሚሰካው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ኮምፕረሰር ለቤት መኪና ከሁሉም የሚመቸው ነው። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦

መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ሞተሩ ይነሣ፤ ግን ደጅ ላይ እንጂ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሁን፤ ጭሱ ይገድላል። መጀመሪያ በተለየ የእጅ መለኪያ ይለካ፤ ፓምፑ ላይ ያለው መለኪያ በ2 ወይም በ3 ፒኤስአይ ሊስት ይችላል። ቱቦው ቫልቩ ላይ ይጠበቅ፤ ቱቦው ተጠምዝዞ የሚገባ ከሆነ ሲፈታ ትንሽ ነፋስ ስለሚያመልጥ ከሚፈለገው 1 ወይም 2 አስበልጦ መሙላት፣ ከዚያ በመለኪያው እያዩ መቀነስ ነው። የሚፈለገው ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ይገኛል። ከጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ልክ ነው፤ ያንን መሙላት ስህተት ነው።

በመጨረሻ ቫልቩ አፍ ላይ የሳሙና ውሃ ይንጠብ። አረፋው ፀጥ ብሎ ከቆየ ደኅና ነው፤ ቀስ እያለ ካበጠ ውስጥ ያለችው መርፌ አልተዘጋችም ማለት ነው። በቫልቭ መፍቻ ሩብ ዙር ማጥበቅ፣ ካልሆነ መቀየር ነው። ክዳኑም ይመለስ፤ አቧራ የምትይዘው እሷ ናት።

ሦስት ነገሮች ይበላሻሉ። አንደኛ፣ የመለኮሻው ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ነው፤ ሁለት ሲሊንደር ያለው ትልቅ ኮምፕረሰር ከ20 በላይ ስለሚስብ ፊውዙን ያቃጥላል፤ እሱ በመቆንጠጫ በቀጥታ ባትሪው ላይ መታሰር አለበት። ሁለተኛ፣ እነዚህ ሞተሮች ያለማቋረጥ እንዲሠሩ አልተሠሩም፤ 10 ደቂቃ ሠርተው ያንኑ ያህል ማረፍ ይፈልጋሉ፤ ጨርሶ የተነፈሰ ትልቅ ጎማ ላይ ሳያርፍ ከሠራ ቀለበቱ ይቀልጣል። ሦስተኛ፣ አይሱዙን ጨምሮ ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ባለ 12ቱ እነሱ ላይ ከተሰካ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

የፍሪጅ ሞተር፤ የሚሠራ ግን የሚያሰጋ ብልሃት

ከአሮጌ ፍሪጅ ወይም ከውሃ ማቀዝቀዣ የወጣ ኮምፕረሰር ጎማ ይነፋል፤ ይህ እውነት ነው፤ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። በየሠፈሩ የሚታየውም ርካሽ ስለሆነ ነው። በደቂቃ ቢበዛ 20 ሊትር ገደማ ስለሚስብ ለትንሽ ጎማ ይበቃል። አደጋዎቹ ግን መነገር አለባቸው።

ሞተሩ ለማቀዝቀዣ ጋዝ እንጂ ለክፍት አየር አልተሠራም፤ የራሱ ዘይት ከአየሩ ጋር ወደ ጎማ ይወጣል፤ ዘይት የጎማውን ውስጥ ያበላሻል፤ ሞተሩም ውሎ አድሮ ዘይት አልቆበት ይነክሳል። የግፊት ማጥፊያ ስለሌለው ካልጠፋ ከ200 ፒኤስአይ በላይ መግፋቱን አያቆምም፤ ቱቦው ወይም ታንከሩ ይፈነዳል። ቱቦው ውስጥ ግፊት እያለ ጠፍቶ እንደገና ሲበራ መነሣት አቅቶት ያቃስታል፣ ይሞቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦው መተንፈስ አለበት። የኤሌክትሪክ ተርሚናሉ ክፍት ሆኖ በእርጥብ ደጃፍ ላይ መቀመጡ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ 220 ቮልት ነው። አዳዲስ ፍሪጆች የሚይዙት ጋዝ በእሳት የሚነድ ስለሆነ እቤት ውስጥ ቱቦውን መቁረጥ አይገባም።

ባዶ የቡታጋዝ ሲሊንደርን የአየር ታንከር ማድረግም ከዚሁ ጋር ይነሣል። የቀረው ጋዝ ከአየር ጋር ሲቀላቀል የሚፈነዳ ድብልቅ ይሆናል፤ ውሃ ሲጠራቀምበትም ከውስጥ ይዝጋል። መከላከያ ቫልቭና የውሃ ማፍሰሻ የሌለው ታንከር ቤት ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ጎማን በቡታጋዝ መሙላት፣ ወይም ከቸርኬው የወጣን ጎማ ቤንዚን ረጭቶ በእሳት ማስያዝ ደግሞ ሰው የሚገድል ነው።

በአንጻሩ የድሮ ሾፌሮች ከስኮርታ (ከመጠባበቂያ) ጎማ ሁለት አፍ ባለው ቱቦ ነፋስ የሚዋሱበት ዘዴ ደኅና ነው። ሁለት እኩል ጎማዎች ቢገናኙ ግፊታቸው ይካፈላል፤ 40 ያለው ስኮርታና 20 የቀረው ጎማ 30 ላይ ይገናኛሉ፤ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ይበቃል። በካንዴላ ቀዳዳ በኩል የሞተሩን ሲሊንደር ፓምፕ ማድረግ ግን ለአሁን መኪኖች አይሆንም፤ የቤንዚን ትነት ጎማው ውስጥ ይገባል።

ከባድ መኪናዎች

የጭነት መኪና ጎማ ከ90 እስከ 120 ፒኤስአይ ይፈልጋል፤ የቤት ፓምፕ አይደርስበትም። በኮምቦልቻ መስመር ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች ከመኪናው የአየር ፍሬን ታንከር በቱቦ ይሞላሉ፤ ታንከሩ እስከ 8 ባር ስለሚደርስ መንገድ ላይ ያወጣቸዋል። ሞተሩ እየሠራ፣ ጎማው በድንጋይ ተደግፎ መሆን አለበት፤ ግፊቱ በጣም ሲወርድ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል፣ ታንከሩ ሳይሞላም መነሣት አይቻልም። ቸርኬው ቀለበት ያለው ዓይነት ከሆነ፣ ጨርሶ የተነፈሰ ጎማ መንገድ ላይ አይነፋም። ቀለበቱ ካልተቀመጠ እንደ ጥይት ይወጣል። የብረት መከላከያ ሣጥን ያለው ጎሚስታ ዘንድ ይወሰድ።

ለማን ያዋጣል?

የፓምፑን ዋጋ ለአንድ ጊዜ ማስነፊያ በሚከፈለው ብር ማካፈል ነው። ፓምፑ ከ30 ጊዜ ማስነፊያ ጋር እኩል ዋጋ ካለው በወር አንድ ጊዜ ለሚያስነፋ በሁለት ዓመት ተኩል፣ በየሳምንቱ ለሚያስነፋ የባጃጅ ባለቤት በሰባት ወር ይመልሳል። ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ጎሚስታ ደርሶ መመለስም ለአንዲት ትንሽ መኪና አንድ ሦስተኛ ሊትር ቤንዚን ይፈጃል፤ ይህ በሒሳቡ ይግባ። የባጃጅ ጎማ ደግሞ 8 ሊትር እንኳ ስለማይይዝ የእጅ ፓምፕ በቂ ነው።

ለአንድ ቤት ባለ ታንከር ኮምፕረሰር መግዛት አያዋጣም። በአንድ ግቢ ለሚያድሩ አምስት ስድስት ባጃጆችና መኪኖች ግን ያዋጣል፤ 8 ባር የተሞላ ባለ 50 ሊትር ታንከር መብራት ቢጠፋ እንኳ 8 ፒኤስአይ የጎደላቸውን ወደ 20 የሚጠጉ የትንሽ መኪና ጎማዎች ይሞላል። ሥሩ ያለው የውሃ ማፍሰሻ በየሳምንቱ መከፈቱ እንዳይረሳ።

ከጎሚስታዎች ወገን የሚነሣ አንድ ተቃውሞ ግን ሚዛን ይደፋል። ፓምፕ ያለው ሰው የተበሳ ጎማን በየሁለት ቀኑ እየነፋ ሳያሠራ ይቆያል፤ ውስጡ ያለ ሚስማር ክሩን እየቆረጠ፣ ልጥፍ የሚያድነው የነበረ ጎማ ይጣላል። ስለዚህ ልኩ ይህ ይሁን፦ ሌሎቹ ሳይጎድሉ አንዱ ብቻ በሳምንት ከ3 ፒኤስአይ በላይ ከቀነሰ የፓምፕ ሥራ አይደለም፤ ጎሚስታ ይየው። ጨርሶ ተንፍሶ የተነዳ ጎማም እንዲሁ፤ ጎኑ ከውስጥ ተፍቆ ሊሆን ስለሚችል ወልቆ ሳይታይ አይነፋ።

አሁን እየበዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ነገሩን ይበልጥ ያጠብቁታል። በባትሪያቸው ምክንያት ስለሚከብዱ የነፋስ ጉድለት ቶሎ ይጎዳቸዋል፤ ብዙዎቹም ስኮርታ የላቸውም፤ በምትኩ ትንሽ ኮምፕረሰርና ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ይዘው ይመጣሉ። ኮምፕረሰሩ ለወርኃዊው መሙላትም ያገለግላል። ፈሳሹ ግን የአገልግሎት ጊዜ አለው፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ሚስማር ለበሳው መሃል እንጂ ለተቀደደ ጎን አይሠራም፤ ከተጠቀሙበትም ጎማውን የሚከፍተው ጎሚስታ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ስኮርታ ያላቸው ደግሞ ሌሎቹን በለኩበት ጠዋት እሱንም ይለኩ፤ ከዕቃ መጫኛው ሥር የተረሳ ስኮርታ በችግር ቀን ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ተንፍሶ ይገኛል።